ውርስ፣ ርስትና ፈራኢድ፤ በየካና በእንጦጦ ግርጌ የሚነገሩ የውርስ ቃላት ታሪክ

በአማርኛ «ስሙኒ» ሲባል ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ማለትም የአንድ ብር ሩብ መሆኑን የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። የቃሉ መሠረት ግን «ከስምንት አንድ» የሚል ትርጉም ያለው የዐረብኛው «ሱምን» ነው። በእስልምና የውርስ ሕግ ልጅ ያለው ባል ሲሞት ለሚስቱ የሚደርሳት ይኸው ከስምንት አንዱ ሲሆን፣ ባልየው ልጅ ሳይኖረው ቢሞት ድርሻዋ ወደ ሩብ ከፍ ይላል። እንግዲህ አንድ አስተርጓሚ በሽማግሌዎች ጉባኤ ወይም በችሎት ፊት የዐረብኛውን ድምፅ ብቻ ተከትሎ ለመበለቲቱ «ድርሻሽ ስሙን ነው» ቢላት፣ እርሷ በልቧ የምትቈጥረው ሩቡን ነው። ሒሳቡ ተሠርቶ ገንዘቡ በእጇ ሲገባ ግን የጠበቀችውን እኩሌታ ብቻ ታገኛለች። ያታለላት ሰው የለም፤ ያሳሳታት ቃሉ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያሉ የውርስ ቃላት ከየት እንደ መጡና ዛሬ የያዙትን ትርጉም በምን መንገድ እንደ ያዙ መመርመር ነው። ምርመራችንን በአንድ የታወቀ ስፍራ ላይ እንመሠርታለን፤ እርሱም በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ አንሥቶ ወደ መገናኛና ወደ ኮተቤ የሚዘረጋው የዛሬው የካ ክፍለ ከተማ ነው። ስፍራውን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የቱለማ ኦሮሞ ልማድ፣ የሸዋ ርስት ሥርዓት፣ ከወሎ፣ ከጉራጌና ከስልጤ የመጡ ሙስሊሞች ይዘውት የገቡት የፈራኢድ ትምህርትና የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንድ ሠፈር ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የሚገኙበት ስፍራ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ በፊት በእንጦጦ ግርጌ ያለው ምድር ጉለሌ፣ ኤካና ገላን የተባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች መኖሪያ ነበረ። የዛሬው «የካ» የተባለው ስምም ከእነዚሁ ከአንዱ ጋር የሚያያዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ራስ ወደ ፍል ውኃው ከወረዱ በኋላ የመንደሩ ምድር በመኳንንት፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በውጭ አገር መልእክተኞች መካከል ተከፋፈለ፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ለጋሲዮኖች በዚሁ በምሥራቁ በኩል መሬት ተሰጣቸው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የተባለው ሠፈር እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን እንደ ያዘ ነው። ባሕር ዛፉ ተራራውን ሲሸፍን፣ ከተማውም ሲሰፋ፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ፣ ሸማኔና ሠራተኛ በቀበና ወንዝ ዳርና በሾላ ገበያ ዙሪያ ሠፈረ። እያንዳንዱም ወገን የአገሩን የውርስ ልማድ ይዞ ነው የመጣው።

እነዚህ ልማዶች አንድ ዐይነት አልነበሩም። በቱለማ ዘንድ መሬትና ከብት በወንድ ልጆች ሐረግ ይተላለፍ ነበር፤ ከወንዶቹም መካከል «አንገፋ» የተባለው የበኵር ልጅ የተለየ ክብርና ኀላፊነት ነበረው። በጉራጌና በስልጤ አገርም የእንሰቱ ቦታ ለወንዶች ልጆች የሚተላለፍ ነበር። በሰሜን አማራ አገር ግን ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠራል፤ ሴትም ወንድም ልጅ ከአቅኚው አባት መወለዱን ካስረዳ ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ «ሴት ልጅ አትወርስም» የሚለውን አነጋገር ለአገሪቱ ባህል ሁሉ መስጠት ስሕተት ነው፤ «እስልምና የሴትን ድርሻ ቀነሰ» የሚለውም እንዲሁ። ፈራኢድ ለሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ሲሰጥ ከአማራው ርስት አንጻር ቅናሽ ሊመስል ይችላል፤ ለሴት ልጅ ከመሬት ምንም ከማይሰጠው ልማድ አንጻር ሲታይ ግን ጭማሪ ነው። አንዱ ቃል በሁለት ጎረቤቶች ጆሮ ሁለት ትርጉም የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ርስት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ ግእዝ ነው፤ ከ«ወለደ» «ልደት» እንደሚወጣ፣ ከ«ወረሰ»ም «ርስት» ይወጣል፤ የመጀመሪያዋ «ወ» በሁለቱም ትወድቃለች። «ወረሰ» ከዐረብኛው «ወሪሰ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ የዕብራይስጡ «ያራሽ»ም የዚሁ ወገን ነው። በዐረብኛ «ሣ» የተባለው ፊደል በግእዝ «ሰ» ሆኖ መገኘቱ የተለመደ የድምፅ ሕግ መሆኑን የቋንቋ ጥናት ባለሙያዎች ያውቃሉ። እንግዲህ «ሚራስ» የሚለው ዐረብኛ፣ «ውርስ» የሚለው አማርኛና «ርስት» የሚለው ግእዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን ወንድማማቾቹ የሄዱበት መንገድ ተለያየ። «ሚራስ» ማናቸውንም ንብረት፣ ገንዘቡንም ከብቱንም ዕቃውንም ይዞ ቀረ። «ርስት» ግን ከመሬት ጋር ተቈራኘ፤ ከመሬትም አልፎ ከዘር ሐረግና ከአገር ባለቤትነት ጋር ተሳሰረ። በቀድሞው ዘመን በብዙ የደጋ አገር ሙስሊሙ የርስት ባለቤት እንዳይሆን ልማዱ ይከለክለው ስለ ነበር፣ ቃሉ በሙስሊሙ ጆሮ የሌላ ሰው ንብረት ስም ሆኖ ይሰማ ነበር። በአንዳንድ የቀድሞ ጽሑፎች ሚራስን «ርስት» እያሉ የተረጐሙ ሰዎች የሥሩን ዝምድና አይተው ይሆናል፤ የታሪኩን ልዩነት ግን አላዩም። በእኛ አስተያየት የሚራስ ትክክለኛ አማርኛ «ውርስ» ነው፤ «ርስት» ለመሬት ታሪክ ይቈይ።

ይሁን እንጂ «ወረሰ» የተባለው ግስ ራሱ ከጣጣ ነፃ አይደለም። ንጉሥ ያመፀውን መኰንን ሀብት ሲወስድ «ወረሰው» ይባል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31፣ በሐምሌም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጡ በኋላ ይህ ሁለተኛ ትርጉም በከተማው አንደኛ ሆነ። በቀበናም ሆነ በኮተቤ «ይህ የተወረሰ ቤት ነው» ቢባል ሰሚው የሚረዳው መንግሥት የወሰደው ቤት መሆኑን ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ የውርስ ሰነድ የሚተረጕም ሰው «የተወረሰ ቤት» ብሎ ከጻፈ አንባቢውን ከአንድ ክርክር ወደ ሌላ ክርክር ይወስደዋል። «በውርስ የተላለፈ ቤት» ወይም «ከሟች የተገኘ ቤት» ማለቱ ይሻላል። አንድ ግስ የአባትን ስጦታና የመንግሥትን እጅ አንድ ላይ የሚይዝበት ቋንቋ ብዙ መሆኑን እንጠራጠራለን።

ወደ ፈራኢድ እንመለስ። «ፈሪዳ» (በብዙ ቁጥር «ፈራኢድ») የተወሰነና የተደነገገ ድርሻ ማለት ነው። ድርሻዎቹ የተወሰኑት በቁርኣን አራተኛ ምዕራፍ፣ በሱረቱ ኒሳእ፣ በ11ኛው፣ በ12ኛውና በ176ኛው አንቀጾች ሲሆን፣ ቁጥራቸው ስድስት ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ከስምንት አንድ፣ ከሦስት ሁለት፣ ሲሶና ከስድስት አንድ። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ፈሪዳ»ን ከአማርኛው «ፈረደ» ጋር ሊያዛምዱት ይሞክራሉ፤ ድምፁም ትርጉሙም ይስባል። እኛ ግን ይህን ዝምድና አንቀበልም፤ የዐረብኛው «ዷድ» በግእዝ በመደበኛው «ፀ» ሆኖ ነው የሚገኘው፤ «ዱሓ» ከ«ፀሐይ» ጋር እንደሚገጥም ማለት ነው።

ለሰፊው አማርኛ አንባቢ እነዚህን ድርሻዎች በገዛ ቋንቋው ያቀረበለት በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቅዱስ ቁርኣን ትርጉም ነው፤ ተርጓሚዎቹ ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። ከዚያ በፊት ፈራኢድ በየመስጊዱ ከዐረብኛ ኪታብ በሼኹ አንደበት ይተረጐም ስለ ነበር፣ አንዱ ሼኽ የሚጠቀምበት ቃል ከሌላው ሊለይ ይችል ነበር። በእርግጥ አማርኛ ለክፍልፋይ ቁጥር ድኻ አይደለም፤ «ሲሶ»፣ «እርቦ»፣ «እኩል» አሉት። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ያደጉት በእርሻ ላይ ነው። «የሲሶ አራሽ»፣ «የእርቦ አራሽ» ሲባል ለባለመሬቱ የሚገባው የእህል ክፍያ ነበር የሚቈጠረው። ስለዚህ የሟች እናት «ሲሶ ይደርሳታል» ቢባል የቀድሞው ዘመን ሰው ባለመሬትና ጭሰኛ ሊያስብ ይችላል። ዛሬ ያ ሥርዓት ከጠፋ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ስላለፈ ቃሉ ንጹሕ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ሲሶን ያለ ስጋት እንጠቀምበት።

ስጋቱ ያለው በስምንተኛው ላይ ነው። «ስምንት»፣ «ሳምንት»፣ «ተሙን»ና «ስሙኒ» አራቱም ከአንድ ሴማዊ ሥር የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግእዝ በኩል የወረድን ርስታችን ሲሆኑ የኋለኞቹ ሁለቱ ከዐረብኛ በተለያየ መንገድ የገቡ እንግዶች ናቸው። በ1887 ዓ.ም. በተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ የብሩ ግማሽ «አላድ»፣ ከአራት አንዱ «ሩብ»፣ ከስምንት አንዱ «ተሙን» ተባለ። በዚያ ዘመን ቢሆን ኖሮ «ለሚስት ተሙን ይደርሳታል» ብሎ መተርጐም እጅግ የተዋጣ ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ ተሙን ከብሩ ስምንተኛ መሆኑን በእጁ ይዞ ያውቀዋልና። የ1936 ዓ.ም. ቁጥር የተቀረጸበት የሳንቲም ገንዘብ ሲወጣ ግን ተሙን ጠፋ፤ ሃምሳ ሳንቲሙ «ሽልንግ»፣ ሃያ አምስቱም «ስሙኒ» ተባለ። በስዋሒሊም የሽልንግ ግማሽ «ሱሙኒ» ይባል ስለ ነበር ስሙ በዚያ በኩል እንደ ገባ እንገምታለን። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሪያሉ ስምንተኛ የነበረው ስም በእኛ ዘንድ የብሩ ሩብ ላይ ዐረፈ። በዚህም ምክንያት «ስሙን» ለዐረብኛው ዐዋቂ አንድ ስምንተኛ፣ ለገበያው ሰው አንድ አራተኛ ሆነ። የመበለት ድርሻ ደግሞ ሩብ ወይም ስምንተኛ እንጂ ሌላ ስለማይሆን፣ ስሕተቱ ሊደርስ የሚችልበት ስፍራ ከዚህ የባሰ አይገኝም። ስለዚህ «ስሙን» በውርስ ቃላት ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ፣ «ተሙን»ም ለታሪክ ብቻ እንዲጠቀስ፣ በሰነድም በቃልም «ከስምንት አንድ» እንዲባል እናሳስባለን። ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም።

ከዚህም የበለጠ ጒዳት የሚያስከትለው ግን «ተሪካ» የሚለው ቃል ነው። ተሪካ በዐረብኛ «የተተወ» ማለት ሲሆን፣ ሟች ትቶት የሄደው ሀብት ነው። ሕጉ የሚያዘው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ የከፈንና የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ቀጥሎ ወሲያ፣ በመጨረሻም የወራሾች ድርሻ። ሟች ያልነበረው ነገር ተሪካ ሊሆን አይችልም። በአማርኛ ግን ተሪካ ብዙ ጊዜ «ንብረቱ» ወይም «ቤቱ» ተብሎ ይተረጐማል፤ «ቤቱ» ሲባል ደግሞ በአባወራው ስም የሚጠራው መላው ቤት ነው የሚታሰበው። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያደርስ በአንድ ምሳሌ እናሳይ።

በየካ የሚገኝ አንድ ቤት ከዕዳው ነፃ ሆኖ 960,000 ብር ተገመተ እንበል። ሟች ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ትቷል። ወሲያ የለም፤ ወላጆቹም ቀድመውት ሞተዋል። መላው ቤት ተሪካ ነው ከተባለ ለሚስት ከስምንት አንዱ፣ 120,000 ብር ይደርሳታል፤ የቀረው 840,000 ብር ለወንዱ 420,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 210,000 ሆኖ ይከፈላል። አሁን ደግሞ ቤቱን ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን አብረው የሠሩት ሆኖ የጋራ ሀብት ነው እንበል። ያን ጊዜ ግማሹ፣ 480,000 ብሩ፣ ከመጀመሪያውም የሚስት ነው፤ ሟች የተወው የቀረውን ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ከስምንት አንዱን፣ 60,000 ብር ስትወርስ ጠቅላላው 540,000 ይሆንላታል። የልጆቹም ድርሻ ለወንዱ 210,000፣ ለሴቶቹ ለየራሳቸው 105,000 ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቢሄዱ ደግሞ ሚስት የጋራ ሀብቷን 480,000 ብር ትወስዳለች እንጂ በኑዛዜ ካልሆነ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ሦስቱ ልጆች እኩል 160,000 ብር ይካፈላሉ።

ከ120,000 እስከ 540,000 ብር የሚደርሰው ልዩነት የመጣው ከሃይማኖት ሕጉና ከመንግሥት ሕጉ ልዩነት አይደለም፤ በአንዱ በፈራኢድ ውስጥ «ተሪካ» የሚለውን ቃል ከመተርጐም የመጣ ነው። የሼሪዓ ሊቃውንትም የሚስት የግል ንብረት ከባል ተሪካ እንደማይቈጠር ይስማማሉ፤ ጥያቄው የማስረጃና የስያሜ ነው። ከአማርኛ ቃላት «ቅርስ» ወደ ተሪካ እጅግ ይቀርባል፤ ሁለቱም «የቀረ» ማለት ናቸውና። ዳሩ ግን ቅርስ በሙዚየምና በሐውልት ተይዟል። «ቅሪት»ም ለዚሁ ሊያገለግል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ባለድርሻዎች ከወሰዱ በኋላ የተረፈውን የሚወስደው «ዐሰባ» የተባለው ወራሽ በአማርኛ «ቀሪ ወሳጅ» ሊባል ስለሚችል ሁለቱ ይደባለቃሉ። እኛ የምንመርጠው «የሟች የራሱ ሀብት» የሚለውን ነው። «የራሱ» የምትለዋ ቃል ለመበለቲቱ 420,000 ብር ታወጣለች፤ ስለዚህ ለማሳጠር ሲባል አትቈረጥ።

«ኑዛዜ» ሌላው የታሪክ ሸክም ያለበት ቃል ነው። በግእዝ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነው፤ «ተናዘዘ» ደግሞ ኀጢአቱን ለካህን ነገረ ማለት ሆነ። የሚሞት ሰው የነፍስ አባቱን ጠርቶ ኀጢአቱን ሲናገር በዚያው ሀብቱንም ስለሚደለድል፣ ቃሉ ከንስሐ ወደ ንብረት ተሻገረ። ስለዚህ በኑዛዜ ውስጥ የሟች ቃል የመጨረሻና የተከበረ ነው የሚል ስሜት አለ፤ ሽማግሌው «የሟች ቃል ነው» ካለ ተከራካሪ ይበርዳል። «ወሲያ» ግን እንዲህ አይደለም። በሱኒ መዝሀቦች ትምህርት ወሲያ ከሀብቱ ሲሶ ሊያልፍ አይችልም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ድርሻው ለተወሰነለት ወራሽ ሊደረግ አይገባም። ሟች ለበኵር ልጁ መላውን ቤት በወሲያ ቢሰጥ ቃሉ የሚጸናው ሌሎቹ ወራሾች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። «ኑዛዜ» ተብሎ ሲተረጐም ግን ወሰኑ ይጠፋል፤ እኅቶች ሊናገሩ የሚገባቸውን ሳይናገሩ ይቀራሉ።

ወሲያ ከሌላ በኩል ለቤተሰብ ሰላም የሚያገለግልበት መንገድም አለ። በፈራኢድ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይወራረሱም። በወሎም ሆነ በአዲስ አበባ ከአንድ አባት የተወለዱ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች ብርቅ አይደሉም። ሙስሊሙ አባት ክርስቲያን ልጁን ባዶ እጁን ማስቀረት ካልፈለገ እስከ ሲሶ የሚደርሰውን በወሲያ ሊሰጠው፣ ወይም በሕይወት ሳለ «ሂባ» ሊያደርግለት ይችላል፤ ልጁ ወራሽ ስላልሆነ የወራሽ ክልከላ አያግደውም። የአገር ባህል «ልጅ ልጅ ነው» የሚለውን ሐሳብ ሕጉን ሳይጥስ ለመፈጸም የሚቻለው በዚህ በር ነው። ስለዚህ «ወሲያ»ን እንዳለ መያዝና በመጀመሪያ ሲጠቀስ «እስከ ሲሶ የሚደርስ የሟች ስጦታ» ብሎ መግለጽ «ኑዛዜ» ከማለት የተሻለ ይመስለናል። ሙስሊሙ ኅብረተሰብ «ኑዛዜ» የሚለውን ቃል እንደሚጠቀምበት እናውቃለን፤ አትጠቀሙ ማለታችን አይደለም፤ በሕግ ሰነድ ግን ይለይ።

ስለ ፍርድ ቤቶቹ በአጭሩ እንናገር። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ የታወቀው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ወቅፍን፣ ስጦታን፣ ውርስንና ኑዛዜን በሥልጣናቸው ሥር አደረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነርሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ረቂቁን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጅተው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «ውርስ ማጣራት» እና «ውርስ አጣሪ» የመሳሰሉ ያማሩ ቃላት ተወለዱ፤ ቃዲዎቹም ያለ ሕግ ዝምታ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ሙስሊሞች ካቀረቡት ጥያቄ መካከል የሼሪዓ ፍርድ ቤቶች ነፃነት አንዱ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንዲባሉ መጠየቃቸውም የአንድ አገባብ ለውጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ለቋንቋ ተማሪ ጥሩ ምስክር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ መሠረተው፤ አዋጅ ቁጥር 188/1992ም የፌዴራል የሼሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አጠናከረ። እነዚህ ፍርድ ቤቶች የሚፈርዱት በእስልምና ሕግ ሲሆን የሚከተሉት የክርክር ሥርዓት ግን የመደበኛውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንድ ፍርድ ገጽ «መጥሪያ» እና «ይግባኝ» ከ«ዐሰባ» እና ከ«ሱዱስ» ጋር ተሰልፈው የሚገኙት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሊመረመር ይገባዋል። በአማርኛ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ አባት ለልጁ፣ አለቃ ለሠራተኛው፣ መንግሥት ለነጋዴው ፈቃድ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው ግን ከራሱ ከተከራካሪው የሚወጣውን ነው። በቤተሰብ ጉባኤ ታላቅ ወንድም «እኛ ፈቅደናል» ሲል የታናሽ እኅቱን ፈቃድ የሰጠ ይመስለዋል፤ ቋንቋውም አይቃወመውም። አዋጁ ደግሞ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቈጥረዋል። በዚሁ በአዲስ አበባ በተነሣ አንድ የውርስ ክርክር ተከሳሾች በሼሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማይፈልጉ ተናግረው ሳለ ክርክሩ ቀጥሎ ተፈርዶባቸው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ነው ብሎ ሽሮታል። «ፈቃድ» በሕጉ የተጻፈ ቃል ስለሆነ አንለውጠውም፤ አስተርጓሚው ግን «ትፈቅጃለሽ ወይ?» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ፣ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አንቺ ራስሽ ትስማሚያለሽ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

የመጨረሻው ጉዳይ የመክፈሉ ሥራ ነው። የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በውርስ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታው መብት ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለ ጠባብ ግቢ ለስምንት፣ ለሃያ አራት ተቈርሶ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ቤቱን ያስገምቱና በቤቱ የሚኖረው ወራሽ ለሌሎቹ ገንዘብ ከፍሎ እንዲያስቀር ያስማማሉ። ይህ የአገር ልማድ ከእስልምና ሕግ ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የፊቅህ መጻሕፍት ይህንኑ ሥራ «ተኻሩጅ» ብለው ያውቁታል። ቃሉ «ኸረጀ» (ወጣ) ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ አንድ ወራሽ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ የተወሰነ ነገር በመቀበል ከውርሱ የሚወጣበት ስምምነት ነው። የሽማግሌው «እርቅ»ና የፊቅሁ «ሱልሕ» የሚገናኙት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በአማርኛ ግን ለተኻሩጅ የሚሰጠው ቃል «መተው» ነው፤ «ለወንድሟ ተወችለት» ይባላል። መተው ካሣ ያለውንም የሌለውንም ይሸፍናል። እኅት በጉባኤው መካከል፣ እናቷና ሽማግሌዎቹ እያዩዋት፣ «ለወንድሜ ትቼዋለሁ» ስትል ምን እንደ ተናገረች ቃሉ ራሱ አይለይም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሽ ውርሱን የመቀበል ወይም ያለመቀበል ምርጫ አለው። በፈራኢድ ግን ድርሻው ሟች በሞተበት ሰዓት ለወራሹ ስለሚተላለፍ፣ እኅት ለወንድሟ የምትሰጠው ከራሷ ሀብት የወጣ ስጦታ ነው። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ልኩን ልታውቀው ይገባታል። 105,000 ብር እንደ ሰጠች ሳታውቅ «ተውኩ» ያለች ሴት ምን እንደ ሰጠች አልተነገራትም።

ስለዚህ ለተኻሩጅ «በካሣ ከውርስ መውጣት» የሚለውን ሐረግ እናቀርባለን። «በካሣ» የሚለው ተቀባይነት ያለውን ክፍያ ያመለክታል፤ «መውጣት»ም የዐረብኛውን መሠረተ ሐሳብ ይጠብቃል። ያለ ክፍያ የሚደረገው «ድርሻን ለወራሽ መስጠት» ይባል። በሁለቱም ሰነዶች የድርሻው ክፍልፋይና በብር የተገመተው ልክ ከፊርማው በላይ በፊደልና በአኃዝ ይጻፍ፤ «ተውኩ»፣ «ለቀቅሁ»፣ «ማርኩ» የሚሉት ግሶች በቃለ ጉባኤ እንደ ተነገሩ ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ የውል ቃል ሆነው ግን እንዳይገቡ። «ካሣ» ለደም ዋጋም ስለሚነገር በአንዳንድ ጆሮ ሊከብድ እንደሚችል አስበናል። «በለውጥ መውጣት» የሚለውን ከጎኑ አስቀምጠን ሁለቱንም በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ረቂቅ ውስጥ እናስገባለን፤ በችሎትና በሽምግልና የሚሠሩ ተርጓሚዎች የትኛውን በቀላሉ እንደሚረዱላቸው ቢጽፉልን በዝርዝሩ የሚቀረውን አንዱን እንመርጣለን።